ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ ያለው ልብስ ሰፊ፦ ኮታችን ነው የማያምረው ወይስ እኛ?

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ባለፈው ሐምሌ የዓመቱን ሒሳብ ዘግተን ስናበቃ የፋይናንስ ክፍሉ ሠራተኞች፣ 14 ሰው፣ መሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ተደርድረን ፎቶ ተነሣን። ማታ ለልጄ አሳየኋት። 16 ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ሳትናገር አታድርም። ስልኬን ተቀብላ በሁለት ጣቷ እያጎላች አየች አየችና፣ "እማዬ፣ ሁላችሁም ኮቱን ከአንድ ቤት ነው የተከራያችሁት?" አለችኝ።

ሥርዓት ያዢ ብዬ ስልኬን ነጠቅኳት። ሁሉም ከተኛ በኋላ ግን ብቻዬን መልሼ አየሁት። ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው። የወንዶቹ ኮት ትከሻቸውን አልፎ ክንዳቸው ላይ ነው የሚያበቃው። እጅጌው እስከ አውራ ጣታቸው ወርዷል፤ ሱሪው ጫማቸው ላይ ተጨማዶ ተቀምጧል። አንዱ ባልደረባዬ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት እንኳ አላነሣም፤ አዲስ መሆኑ ይታወቅለት ብሎ ነው። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ጥቁር ወይም ግራጫ ኮት ከነጉርድ ቀሚሱ፤ ጉርዱ ሁላችንም ላይ ባታችን በጣም የሚወፍርበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከኮቱ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ፤ ቁም ሣጥን ነው የምመስለው።

የደመወዝተኛ ልብስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሀብታም አይለብሰውም። ዘበኛውና የቀን ሠራተኛው ይለብሱታል፣ ግን እኛ አምስት ዓመት ከለበስነው በኋላ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልብሱ ነው የሚያስጠላው ወይስ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ቢለብስ አያምርበትም? መልሱን ያገኘሁት ከሌላ ፎቶ ነው። ባለፈው የገና ዋዜማ እነዚሁ ሰዎች እዚያው ደረጃ ላይ የሀገር ልብስ ለብሰን ተነሥተናል። ሰባት ሴቶች ነን፤ ሰባታችንም ወገብ አለን። ሐምሌ ላይ አንዲትም ወገብ ያላት አልነበረችም። በስድስት ወር ውስጥ የሰባት ሴት ወገብ የት ይሄዳል? ሰውነታችን ያው ነው፣ ደመወዛችንም ያው ነው። ልዩነቱ ቀሚሱን ሽሮ ሜዳ ሄደን፣ ተለክተን፣ ተመላልሰን ማሰፋታችን ነው፤ ኮቱን ግን "ሜድየም ነው ላርጅ?" ተብለን ነው የገዛነው።

ደግሞ ልብሳችን እንዲህ የሆነው በሞኝነት አይደለም፤ ለራሳችን ልከራከር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው ሹራብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮት የምንለካው ሹራባችንን እንደ ለበስን ነው፤ ሹራቡ የወለቀ ቀን ኮቱ ድንኳን ይሆናል። ጠባብ ጉርድ ለብሳ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት የሞከረች ደግሞ ሰፊ ለምን እንደምንመርጥ ታውቃለች። መብራት በጠፋበት ጠዋት ካውያ የማይጠይቅ ጨርቅ ነው የሚያድነው፤ ፖሊስተር የምንለብሰው አምሮን ሳይሆን ስለማይጨማደድ ነው። ያ አንድ ኮት የቢሮም ነው፣ የሠርግም ነው፣ የለቅሶም ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባም ነው። ለለቅሶ የማያሳፍርና ለሠርግ የማያንስ ልብስ ፈልጉ ብትባሉ እናንተም ግራጫ ትመርጣላችሁ።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱን የማወራው ግን ስለ ራሴ ብቻ ነው። እናቴ ዩኒፎርም ስትገዛልኝ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ጨምራ ነበር። "ታድጊበታለሽ" ትለኛለች። መስከረም ላይ እጅጌዬን ሦስት ጊዜ አጥፌ እሄዳለሁ፤ ሰኔ ላይ ልክ ሲሆንልኝ ዓመቱ ያልቃል፣ ጨርቁም ያልቃል። ዛሬ 46 ዓመቴ ነው፤ ሱቅ ገብቼ ልኬ የሆነውን ኮት ከለካሁ በኋላ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ነው የማስጠቀልለው። ብወፍርስ? ገና ላልመጣ ሰውነት ልብስ ስገዛ ነው የኖርኩት።

እና ግራጫ ኮቴን ከነጉርዱ፣ ቡኒ ሱሪዬን፣ የባለቤቴንም ጥቁር ሱፍ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። አዲስ ልብስ ልግዛ ማለት አሁን ቀልድ ነው። ግራጫውን በ2014 ዓ.ም. ስገዛው 6,800 ብር ነበር። በ2016 ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፣ እሱኑ የመሰለ የቱርክ ኮትና ጉርድ 16,500 ተባልኩ። አካውንታንት ነኝና ሳላሰላ አልተውም፦ አሮጌውን በሳምንት ሁለቴ ሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ 300 ጊዜ ብንለው አንዱ ቀን 23 ብር አልሞላም። እንዲህ ያለ ንብረት አይጣልም፤ ይጠገናል።

ልብስ ሰፊው ያሉት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ በግራ በኩል ነው። ስም አልጽፍም፤ ቤቱም ሰሌዳ የለውም። በሩ ላይ እጅጌ የሌለው ኮት ተሰቅሏል፤ ምልክቱ እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። 71 ዓመታቸው ነው፤ በ12 ዓመታቸው ፒያሳ አንድ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ በመትከል ጀምረው እዚያው ፒያሳ ኖረዋል። በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሲንጀራቸውን በአይሱዙ ጭነው እዚህ መጡ። ክፍሏ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ልብስ መለወጫው ጥግ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ የአንድ ሰው የሱፍ ጨርቅ ትራፊ ነው፣ ባለ ነጭ መስመር። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ነው፤ ቤቴ ያለው እስከ ደረት ብቻ ስለሆነ ጉርዴን ከነባቴ ሙሉ ሳየው የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

"ምን ላድርግልሽ ልጄ?"

"ይሄን ኮት ያጥብቡልኝ ጋሼ። ወፍራም መሰልኩበት።"

መልስ አልሰጡኝም። ኮቱን አልብሰው አዞሩኝ፣ መልሰው አዞሩኝ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ትከሻዬ ጫፍ ላይ አድርገው፣ "ያንቺ ትከሻ እዚህ ያልቃል" አሉ። ጣታቸውን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው፣ "የሱ እዚህ ያልቃል። በመሐል ያለው የማን ነው?" ስፖንጅ ነው፣ ጋሼ። የማንም አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝን በሰው ላይ እያየሁ መከራዬን እያየሁ ነው። ሰው ኮት ሲገዛ ፊት ለፊት ቆሞ ቁልፉ ይቆለፍ እንደሆነ ብቻ ያያል፤ መታየት ያለበት ግን ትከሻው ነው። ወገብ በአንድ ከሰዓት ይጠባል፣ እጅጌም ያጥራል፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው፣ ዋጋውም አያዋጣም። የእኔን ትከሻ ሙሉ በሙሉ አላፈረሱትም። ወፍራሙን ስፖንጅ አውጥተው ስስ አደረጉበት፣ እጅጌውን ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ "ከዚህ በላይ ብትይኝ እዋሽሻለሁ" አሉኝ። የወገቡ ቦታም ስህተት ነበር። ኮቱ የሚጠበው ዳሌዬ በሚጀምርበት ነው፤ ወገቤ ከዚያ ስድስት ጣት ከፍ ይላል። እኔ 46 ዓመት አብሬው የኖርኩትን ወገብ እሳቸው በደረቀ ሳሙና ጀርባዬ ላይ ሁለት መስመር አስምረው አሳዩኝ።

ውስጡን ሲፈቱት ደግሞ ሌላ ጉድ። የፊቱ ጨርቅ ከውስጠኛው ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው፤ አንድ ቀን ከታጠበ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል አሉ። ስፌቱ ዳር ላይ የተተወው ትርፍ ጨርቅም አንድ ጣት አይሞላም፤ ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት ግን አይታሰብም። ከዚያ ከመደርደሪያቸው አንድ የሰልባጅ ኮት አወረዱ፤ አንድ ወጣት አስማማልኝ ብሎ የተወው ነው። ገበሩን ገልጠው ሲያሳዩኝ ጀርባው ላይ ሁለት ጣት ሙሉ ትርፍ አለው፣ ውስጡም በእጅ ነው የተሰፋው። እንዲገባ ያልተፈቀደው አሮጌ የፈረንጅ ልብስ እኔ በደረሰኝ ከገዛሁት አዲስ ልብስ የተሻለ ተሠርቶ ማየት ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ጉርዱ ላይ ተከራክረናል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማሳጠር አልፈለግኩም። "በዚህ ዕድሜዬ፣ ጋሼ፣ መሥሪያ ቤት ነው የምሄደው" አልኩ። ከተረከዜ ጀምረው ሜትሩን ዘረጉና እግሬ ከጉልበቴ በታች የሚቀጥንበትን ቦታ በእስፒል ያዙት። ስድስት ሳንቲም ብቻ ነው። ጉልበቴ አልታየም፣ ማንም ምንም አላየም፤ ግን መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ድንገት እግር አወጣች። ያን ስድስት ሳንቲም ጨርቅ ስንት ዓመት እንደ ሰንሰለት ስጎትተው ኖሬያለሁ።

ወደ ጉድለታቸው ልምጣ፤ አለባቸው። ለፕሮቫ የቀጠሩኝ ለማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ስሄድ ኮቱ ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ነው። "ነገ ነይ።" ነገ ሄድኩ፤ መብራት የለም። በጠቅላላው ከተባልኩት ቀን 9 ቀን ዘግይቶ ነው ያለቀው፤ ለሠርግ የምትፈልጉ ካላችሁ ሠርጉን ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ንገሯቸው። ደረሰኝ የለም፤ የምትቀበሉት ከካርቶን የተቀደደች ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ነው፣ እኔ 41 ነበርኩ። ቡኒውን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ካውያ በቀጥታ አሳርፈውበት አብረቀረቀ። ፖሊስተር እርጥብ ጨርቅ ጣል ሳይደረግበት ካውያ እንደማይነካ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ስነግራቸው አልካዱም፤ "ይሄ ጨርቅ አይደለም፣ ላስቲክ ነው" ብለው ጨርቁን ተቆጡና 100 ብር ቀነሱልኝ። ሱሪውንም የተሸፈነ ቦታ ላይ ካለው ጨርቅ ወስጄ አስተካክለዋለሁ ብለው አስቀሩት። እስካሁን እሳቸው ዘንድ ነው።

ዋጋው፦ ኮቱ ወገቡ፣ እጅጌውና ትከሻው ተደምሮ 1,400 ብር፤ ጉርዱ 300፤ ቡኒው ሱሪ 400፤ የባለቤቴ ኮትና ሱሪ 1,500። ከ3,600ው የተቀነሰልኝን ሳወጣ 3,500 ከፈልኩ፣ በቴሌብር፣ በልጃቸው ስልክ። ከቤቴ አጠገብ ያለው ወጣት ልብስ ሰፊ በግማሽ ዋጋ ይሠራዋል፤ እሱ ግን "የት ድረስ ላሳጥረው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ የምከፍለው የት ድረስ እንደሆነ ለሚነግረኝ ሰው ነው።

የባለቤቴ ነገር አልተሳካም ልበል ወይስ ተሳክቷል፣ አላውቅም። ሱፉ ከትዳራችን በፊት የተገዛ ነው፤ አይመስልም እንጂ። ጋሼ ሱሪው ወገብ ላይ ያለውን እጥፋት አወጡት፣ እግሩን አጠበቡት፣ ጫማው ላይ እንዳይከመር ቀመቀሙት፣ ኮቱንም ልክ አደረጉት። ሲለብሰው ልጄ አጨበጨበች። እሱ መስታወት ፊት ቆመና፣ "ጠበበኝ" አለ። የት ጋ እንደጠበበው ጠየቅኩት። እጁን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፤ የጠበበው ቦታ አልተገኘም። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሰው ምን ይለኛል? በ53 ዓመቱ ጎረምሳ ልምሰል አለ ይሉኛል" አለ።

ሳቅኩበት፤ በኋላ ግን ሳስበው እውነተኛውን ነገር የተናገረው እሱ ነው። እኛ ሰፊ ኮት ውስጥ የምንገባው ልክ ያለው ስላጣን ብቻ አይደለም። ከቢሮው በር እስከ ወንበራችን ማንም ሳያየን መድረስ ስለምንፈልግ ነው። አለቃ ዓይን ውስጥ ላለመግባት፣ "ከየት አመጣችው?" ላለመባል፣ ለባለጠጋ ላለመምሰል፣ ላጣም ሰው ላለመምሰል። በኮታችን ላሾፈችው ልጄ መልሴ፦ የደመወዝተኛ ልብስ ያስጠላል፣ ግን ሥራውን ይሠራል። አልታየንም ነበር፤ ፎቶው ነው ያጋለጠን።

መታየት ምን እንደሚመስል ደግሞ ሰኞ ዕለት አየሁት። ግራጫዋን ለብሼ ገባሁ፤ ያቺው የሦስት ዓመት ኮት ናት። የመጀመሪያዋ ባልደረባዬ፣ "ከሳሽ እንዴ?" አለች። ሁለተኛዋ በሹክሹክታ፣ "አመመሽ እንዴ? ምነው ሳትነግሪን?" እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ሰው ጤናዬን ጠየቀኝ፣ አንዷ ስኳር ተመርመሪ አለችኝ። አዲስ ልብስ ገዛሽ ያለኝ አንድም የለም። የጋሼን ሥራ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አላገኘሁም፤ ሰው ልብሱን አላየም፣ እኔን ነው ያየው። ከሰዓት በኋላ ስኳር ተመርመሪ ያለችኝ ሴት ጠጋ ብላ የቤቱን አቅጣጫ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም።

የምትሄዱ ከሆነ ሰልባጅም ቢሆን፣ የአባታችሁ አሮጌ ኮትም ቢሆን፣ ለምረቃችሁ የተገዛላችሁ የአምባሳደር ሱፍም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጨርቁ ሱፍ ከሆነ ዓይናቸው ይበራል። ትከሻው በጣም የሰፋ ከሆነ አትልፉ፣ እሳቸውም አይቀበሉትም። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዓይናቸው ይደክማል፣ ራሳቸው ናቸው የሚሉት። ሹራባችሁን አውልቃችሁ ተለኩ። ትበርዳላችሁ፣ እሱን ቻሉት፤ እኔ አሁን ሹራቡን በቦርሳዬ ይዤ ነው የምወጣው።

ባለፈው ማክሰኞ ቡኒውን ሱሪ ለማውጣት ሄጄ ነበር። ክፍሏ ውስጥ መግቢያ የለም፤ ከጣሪያው በታች ግራጫና ጥቁር ኮት ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ላይ የካርቶን ቁራጭ ተሰክቷል። ከመካከላቸው አንዱ እጅጌው ላይ የፋብሪካ ምልክት አለው፣ አወቅኩት። ከሱ ቀጥሎ ያለውንም አወቅኩት፤ የፋይናንስ ክፍላችን ኃላፊ ኮት ነው፣ የደረት ኪሱ ላይ የቀለም ጠብታ ያለበት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ የኮቴን ወገብ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ለቀቁት።

"ሱሪሽ ለሐሙስ ይደርሳል" አሉኝ።

የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።